ከተኩሱ እስከ ችሎቱ፦ በኬንያ አንድ የፖሊስ ጥይት ለምን ከተማ ያናውጣል?

ሰኔ 10/2017 ዓ.ም በናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ ወጣት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጭምብል ይዞ ይሸጥ ነበር። የሰልፍ ቀን ለጎዳና ቸርቻሪዎች ገበያ አለው። አስለቃሽ ጭስ በሚታጠንበት ከተማ ጭምብል፣ ውሃ፣ ፊሽካና ባንዲራ ፈላጊ አያጡም።

በእጅ ስልክ የተቀረጸው ተንቀሳቃሽ ምስል ሁለት አድማ በታኝ ፖሊሶች ወጣቱን ጭንቅላቱ ላይ ደጋግመው ሲመቱት ያሳያል። ወጣቱ ጭምብሎቹን እንደያዘ ከእነርሱ ሊርቅ ሲሞክር አንደኛው ፖሊስ ከቅርብ ርቀት ጭንቅላቱ ላይ ተኮሰ። ምስሉ በሰዓታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ወጣቱ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ለሁለት ሳምንት ያህል በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከቆየ በኋላ ሰኔ 23 ሕይወቱ አለፈ።

በዚያ ቀን ሰልፈኞቹ አደባባይ የወጡት ግን ለእርሱ አልነበረም። የወጡት ለሌላ ሟች፣ ለ31 ዓመቱ መምህርና ጦማሪ ለአልበርት ኦጅዋንግ ፍትሕ ለመጠየቅ ነበር።

ኦጅዋንግ ግንቦት 30 በምዕራብ ኬንያ ሆማ ቤይ ተይዞ ወደ ናይሮቢ ተወሰደ። የተያዘው የፖሊስ ምክትል ዋና ኢንስፔክተር የሆኑት ኤሊውድ ላጋት ስሜ በማኅበራዊ ሚዲያ ጠፍቷል ብለው ባቀረቡት አቤቱታ ነው። በማግስቱ በናይሮቢ ማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ በመጀመሪያ የሰጠው ማብራሪያ እስረኛው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር አጋጭቷል የሚል ነበር። የአስከሬን ምርመራው ግን በጭንቅላቱ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ አንገቱ ላይ የመታነቅ ምልክትና በሰውነቱ ላይ የተበተኑ ቁስሎችን አሳየ። ሐኪሞቹ እነዚህ ሰው ራሱ ላይ የሚያደርሳቸው ጉዳቶች አይደሉም አሉ።

ለአንድ ሞት ፍትሕ የጠየቀው ሰልፍ ሌላ ሞት ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታትም ይኸው ተደጋገመ። ሰኔ 18 በተካሄደው ሰልፍ ቢያንስ 19 ሰዎች መሞታቸውን የኬንያ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። በሰኔ 30ው ሰልፍ ደግሞ ኮሚሽኑ 31፣ በኋላም 38 ሟቾችን መዘገበ።

በምሥራቅ አፍሪካ ፖሊስ ሰልፈኛ ላይ መተኮሱ አዲስ ነገር አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም ኡጋንዳ ውስጥ የተቃዋሚው ፖለቲከኛ ቦቢ ዋይን መታሰር በቀሰቀሰው ሁከት መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 54 ነበር። ኬንያን ለየት የሚያደርጋት ፖሊስ ሰው ሲገድል ምን መደረግ እንዳለበት የሚዘረዝር ሕግ፣ ፖሊስን ብቻ የሚመረምር ነጻ ተቋምና መንግሥትን ደፍሮ የሚያዝ ፍርድ ቤት ያላት መሆኗ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ሰዎች ለምን በችሎት ፋንታ ጎዳናን ይመርጣሉ?

የሰኔ ቀናት

ቁጣው የተጠራቀመው ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም በዳቦ ላይ ሳይቀር ግብር ለመጣል ያሰበውን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ በመቃወም "ጄን ዚ" የሚባሉት ወጣቶች ያለ መሪና ያለ ፓርቲ ተጠራርተው አደባባይ ወጡ። ሰኔ 13 ቀን የ29 ዓመቱ ሬክስ ማሳይ በናይሮቢ መሃል ከተማ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ሟች እርሱ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ሰኔ 18፣ ሰልፈኞች ፓርላማውን ጥሰው ገቡ፤ የሕንጻው አንድ ክፍልም በእሳት ተያያዘ። ፖሊስ በጥይት መለሰ።

ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ ድርጊቱን በመጀመሪያ ክህደት ነው አሉ፤ በማግስቱ ግን ረቂቁን አልፈርምም ብለው መለሱት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካቢኔያቸውን በተኑ፤ የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተሩ ጃፌት ኮሜም ከሥልጣን ለቀቁ። ይሁን እንጂ ተቃውሞው እስኪበርድ ድረስ ከ60 በላይ ሰዎች ሞተው፣ በርካቶችም ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች ታፍነው ተወስደው ነበር።

ሰኔ 18 ከዚያ ወዲህ የመታሰቢያ ቀን ሆኗል። ሰኔ 30 ደግሞ በጎርጎሮሳውያኑ ሐምሌ 7 ስለሚውል በስዋሂሊ "ሳባ ሳባ"፣ ማለትም ሰባት ሰባት፣ ይባላል። እ.አ.አ. በ1990 ኬንያውያን የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ለመጠየቅ የወጡበት ቀን ነው። በ2017ቱ ሳባ ሳባ ፖሊስ ወደ መሃል ከተማ የሚያስገቡትን መንገዶች ከማለዳው በሽቦና በተሽከርካሪ ዘጋ። መሃል ከተማው ጭር ሲል ግጭቱ ወደ ዳር ሰፈሮችና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛወረ። በኪያምቡ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቤቷ ውስጥ ሳለች በባዘነ ጥይት ተመትታ ሞተች።

እንዲህ ባሉ ቀናት ኢስሊን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ምልክቶቹ እንግዳ አይደሉም። የሱቆች የብረት መዝጊያ ከማለዳው ይወርዳል፤ ማታቱዎች ከመንገድ ይጠፋሉ ወይም ዋጋ ይጨምራሉ። ስደተኞች ደግሞ ከግርግሩ ጋር ሊመጣ የሚችለውን አፈሳ ፈርተው ከቤት አይወጡም።

ሕጉ ምን ይላል?

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በሰላምና ያለ መሣሪያ የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታውን ለባለሥልጣናት የማቅረብ መብት አለው ይላል። የሰልፍ አዘጋጆች ለአካባቢው ፖሊስ ከሦስት ቀን ባላነሰና ከ14 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። ማሳወቅ ፈቃድ መጠየቅ ማለት አይደለም። (የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 3/1983ም የሚለው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ያውቀዋል።)

ስለ ጦር መሣሪያ አጠቃቀም የሚደነግገው የብሔራዊ ፖሊስ አገልግሎት ሕግ ስድስተኛ ሠንጠረዥ ነው። ፖሊስ መጀመሪያ ኃይል የማይጠይቁ መንገዶችን መሞከር አለበት። ጥይት የሚፈቀደው ሌላው ዘዴ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር፣ በዋነኝነትም የራስን ወይም የሌላን ሰው ሕይወት ለማዳን ነው። ከመተኮሱ በፊት ማንነቱን መግለጽና በግልጽ ማስጠንቀቅ ይጠበቅበታል። ሰው ከተጎዳ ሕክምና እንዲያገኝ ማድረግ፣ ለቤተሰብ ማሳወቅ፣ ለአለቃው ወዲያው ሪፖርት ማቅረብም ግዴታው ነው። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ከደረሰ ጉዳዩ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረጋል። "አለቃዬ አዝዞኝ ነው" የሚለው መከላከያ በሕጉ ተቀባይነት የለውም።

ሠንጠረዡ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። "ሕይወትንና ንብረትን በተገቢ ኃይል ለመጠበቅ" የሚለው ሐረግ ብዙ ያከራክራል። አንዳንድ ባለሥልጣናት ሱቅ የሚዘርፍን ሰው መተኮስ ይቻላል የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ ሐረጉ የሕይወት መብትን ከሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ጋር መነበብ አለበት ብለው ይከራከራሉ።

"እግሩን ምቱ"

ሐምሌ 2/2017 ዓ.ም ፕሬዝዳንት ሩቶ የሰው ንግድ የሚያቃጥሉ ሰዎች እግራቸውን እንዲመቱ፣ ከዚያም በሆስፒታል በኩል ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ ሲሉ በአደባባይ ተናገሩ። መግደል የለባችሁም ሲሉም አክለው ነበር። ከሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኪፕቹምባ ሙርኮመን ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚጠጋ ሰው እንዲተኮስበት የሚል ንግግር አድርገው ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ በኋላ ንግግሬ ከአውዱ ወጥቶ ተተርጉሟል ብለው ተከላከሉ።

የእግሩ ንግግር ለብዙዎች የለዘበ ትእዛዝ መስሎ ተሰምቷል። ከዓመት በፊት የሞተው ሬክስ ማሳይ ግን የተመታው ደረቱን ወይም ጭንቅላቱን አልነበረም። የተመታው ጭኑን ነው፤ የሞተውም ደሙ ፈስሶ አልቆ ነው። በጭን ውስጥ ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋል። ይህ ቧንቧ ከተበጠሰና ወዲያው ታስሮ ደሙ ካልቆመ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በአስለቃሽ ጭስ መካከል፣ አምቡላንስ በማያልፍበት መንገድ ላይ፣ እነዚያ ደቂቃዎች አይገኙም።

ሌላም ችግር አለ። የሚሮጥ ሰው እግር ጠባብና ተንቀሳቃሽ ዒላማ ነው። የሳተ ጥይት ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ አስፋልት ነክቶ ይነጥራል፣ ቆርቆሮ ቀድዶ ያልፋል። እ.አ.አ. በ2020 የኮሮና ሰዓት እላፊ ሲጀመር በናይሮቢ ምሥራቃዊ ሰፈር አንድ የ13 ዓመት ልጅ ቤተሰቡ ከሚኖርበት ፎቅ ሰገነት ላይ ቆሞ ሳለ ነበር የተመታው። የጦር መሣሪያን ከገዳይ ኃይል የሚቆጥሩት ዓለም አቀፍ መርሆች ለእግርና ለደረት የተለያየ ሕግ የማይጽፉትም ስለዚህ ነው።

በመንግሥት በኩል ያለው ሥጋትም ሊታለፍ አይገባም። በሰኔ 2017ቱ ሰልፎች ፖሊስ ጣቢያዎች ተቃጥለዋል፤ በርካታ ፖሊሶች ቆስለዋል፤ ነጋዴዎች የዕድሜ ልክ ሀብታቸውን በአንድ ከሰዓት አጥተዋል። ሙርኮመን ድርጊቱን ተቃውሞ የለበሰ ሽብር ብለውታል። ጥያቄው እነዚህን ወንጀሎች ማስቆም ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። ጭምብል የሚሸጠው ወጣት አንዱንም አላደረገም።

ከሞቱ እስከ መዝገቡ

ፖሊስን የሚመረምረው ነጻ ተቋም የተወለደው ከደም ነው። እ.አ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ የተነሣውን ብጥብጥ የመረመረው የዳኛ ፊሊፕ ዋኪ ኮሚሽን 1,133 ሟቾችን መዝግቦ ከእነርሱ 405 ያህሉ በጥይት መሞታቸውን ገለጸ። ጥይት የነበረው ደግሞ በዋነኝነት ፖሊስ እጅ ነው። ከዚያ የፖሊስ ማሻሻያ ግብረ ኃይል፣ አዲስ ሕገ መንግሥት፣ እ.አ.አ. በ2011 ደግሞ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ "አይፖዋ" የሚባለው ገለልተኛ የፖሊስ ቁጥጥር ባለሥልጣን መጣ።

አይፖዋ ይመረምራል እንጂ አይከስም። መዝገቡን አጠናቅቆ ለዋና ዐቃቤ ሕግ ይልካል። ዐቃቤ ሕጉም ክስ ይመሠርታል፣ የሞቱ መንስኤ በችሎት እንዲጣራ ያዝዛል፣ ወይም መዝገቡን ይዘጋል። በወረቀት ላይ መንገዱ አጭር ነው። ችግሩ በየእርምጃው የሚያስፈልገው ማስረጃ የሚገኘው ከተጠርጣሪው መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተኳሹን መለየት ነው። በ2016ም ሆነ በ2017 ሰልፎች ፊታቸውን የሸፈኑ፣ ሲቪል የለበሱና ሰሌዳ በሌለው መኪና የሚንቀሳቀሱ የጸጥታ አባላት በብዛት ታይተዋል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰልፍ የሚጠብቁ ፖሊሶች የደንብ ልብስ እንዲለብሱና ማንነታቸው እንዲታወቅ ቢያዝዝም በሳባ ሳባ ዕለት ትእዛዙ አልተከበረም፤ ይህን የተናገረው ራሱ አይፖዋ ነው።

ቀጥሎ ጠመንጃው ነው። የትኛው መሣሪያ ለማን እንደወጣ፣ ስንት ጥይት ይዞ ወጥቶ ስንት እንደመለሰ የሚታወቀው በፖሊስ ጣቢያው የመሣሪያ መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ፖሊስ ነው። በሰውነት ውስጥ አልፎ የወጣ ጥይት በአስፋልት ላይ ይጠፋል፤ ቀለሁም በሺህ እግር ይረገጣል። ጥይቱ ቢገኝ እንኳ ከየትኛው አፈሙዝ እንደወጣ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ያለው በፖሊስ የወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬት ሥር ነው። በኦጅዋንግ ጉዳይ መርማሪዎች የጣቢያውን የደኅንነት ካሜራ ለማየት ሲጠይቁ የተቀረጸው ነገር መነካካቱን አይፖዋ ለሴኔቱ አስረድቷል።

ምስክሩ ደግሞ ሁሉም ነገር ቢሟላ እንኳ የሚቀረው ትልቁ ጉድለት ነው። የሰብዓዊ መብት ጠበቃው ዊሊ ኪማኒ ታሪክ በናይሮቢ ሁሉም የሚያውቀው ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ኪማኒ በፖሊስ የተተኮሰበትንና ለአይፖዋ አቤት ያለን አንድ የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪ ወክሎ ይሟገት ነበር። እ.አ.አ. በሰኔ 2016 ጠበቃው፣ ደንበኛውና የያዙት ታክሲ ነጂ ከችሎት ሲመለሱ ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው ከወንዝ ወጣ። ፖሊሶች ጥፋተኛ የተባሉት ከስድስት ዓመት በኋላ ሲሆን ዋናው ተከሳሽ እ.አ.አ. በየካቲት 2023 የሞት ፍርድ ተፈረደበት።

ስለዚህ በኬንያ ፖሊስ ጨርሶ አይፈረድበትም ማለት ስሕተት ነው። ይፈረድበታል። ግን ፍርዱ የሚመጣው ልጅ ትምህርት ጨርሶ ወላጅ በሚሸብትበት ፍጥነት ነው። እ.አ.አ. በ2017 ከምርጫ በኋላ በኪሱሙ ፖሊሶች ቤት ሰብረው በገቡ ጊዜ ተመትታ የሞተችው የስድስት ወር ሕፃን ጉዳይ ክስ እንዲመሠረት የተወሰነው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያም ተከሳሾቹ የእምነት ክሕደት ቃላቸውን የሚሰጡበት ቀጠሮ ደጋግሞ ተላለፈ። የሬክስ ማሳይ ሞት ደግሞ ቀጥታ ወደ ክስ ሳይሆን ወደ መንስኤ ማጣሪያ ችሎት ሄደ፤ ችሎቱ እየተቀጠረ ሲሰማ አንደኛ ሙት ዓመቱ ደረሰ።

ካሜራ ያየውና ያላየው

የጭምብል ሻጩ ጉዳይ በተቃራኒው በፍጥነት ተንቀሳቅሷል። ፖሊስ በዚያው ዕለት ያልታጠቀ ሰላማዊ ሰው በአባሉ መተኮሱን አመነ። ሁለት ፖሊሶች ተያዙ፤ አንደኛውም በነፍስ ግድያ ተከሶ በሐምሌ ወር ችሎት ቀርቦ ጥፋተኛ አይደለሁም አለ። በኦጅዋንግ ሞት ሦስት ፖሊሶችን ጨምሮ ስድስት ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከሰሱ፤ እነርሱም ክሱን ክደዋል። ምክትል ዋና ኢንስፔክተሩ ላጋት ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራቸው ገለል ብለው ነበር።

ይህን ፍጥነት ያመጣው ሕጉ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሕጉ በ2016ም ያው ነበር። የተለየው ተኩሱ በጠራራ ፀሐይ፣ ከካሜራ ፊት ለፊት መሆኑና ምስሉ የማይካድ መሆኑ ነው። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ቡድን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም ባወጣው የምርመራ ፊልም ከ5,000 በላይ ምስሎችን አገናዝቦ በፓርላማው ደጃፍ የተኮሱ የጸጥታ አባላትን ለመለየት ችሏል። ጋዜጠኞች ከውጭ ሆነው የደረሱበት ነገር የመሣሪያው መዝገብ በእጁ ላለው መሥሪያ ቤት ለምን እንደከበደ ብዙ ኬንያውያን ጠይቀዋል። ፊልሙ በናይሮቢ ሊታይ የነበረበት ዝግጅት ተሰርዟል።

የመዝገቦቹ ፍጥነት እኩል አለመሆን ሌላ ቁጣ ይወልዳል። በማታሬ፣ በዳንዶራና በኪቤራ መንደሮች ወጣቶች በፖሊስ ጥይት ሲወድቁ ዓመታት ተቆጥረዋል። የእነርሱ ስም መፈክር አልሆነም። የማታሬ የማኅበራዊ ፍትሕ ማዕከልን የመሰሉ የሰፈር ድርጅቶች ስማቸውን በእጅ እየጻፉ መዝግበዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ፍርድ ቤት ደጅ ቆመዋል። ጥይቱ ወደ መሃል ከተማ፣ ወደ ተማረው ወጣትና ወደ ቀጥታ ሥርጭቱ ሲደርስ ነው አገር የተንቀሳቀሰው። በማታሬ ሰዎች ዘንድ ይህ ሲነሣ የሚሰማው ቅሬታ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

በሳባ ሳባ ዋዜማ የእነዚሁ ሟቾች እናቶች በኬንያ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በስም ቢመሳሰልም ከመንግሥታዊው ኮሚሽን የተለየ ሲቪል ድርጅት ነው፣ ቅጥር ግቢ ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጡ ተሰብስበው ነበር። ዱላ የያዙ ሰዎች በሩን ጥሰው ገብተው ስብሰባውን በተኑት። የጭምብል ሻጩ በተመታበት ዕለትም በሞተር ብስክሌት የመጡና አለንጋና ዱላ የያዙ ሰዎች ሰልፈኞችን ሲደበድቡ ታይተዋል።

ካሳው

በነሐሴ 2017 ዓ.ም መግቢያ ላይ ፕሬዝዳንት ሩቶ እ.አ.አ. ከ2017 ወዲህ በተቃውሞዎች ለሞቱና ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚከፈልበትን መንገድ የሚያዘጋጅ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋሙ። ሰብሳቢው የሕግ ምሁሩ ማካው ሙቱዋ፣ ምክትላቸው የጠበቆች ማኅበር ፕሬዝዳንት ፌዝ ኦዲያምቦ ተደረጉ። መንግሥት ለሟቾች ቤተሰቦች እውቅና ሲሰጥ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የኪሱሙዋ ሕፃን ወላጆችም በዚህ የጊዜ ክልል ውስጥ ይገባሉ።

ጉዳዩ ግን ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት ተወሰደ። ከሳሾቹ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሕገ መንግሥቱ ያቆመው የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እያለ ፕሬዝዳንቱ ሌላ አካል የመሠረቱት በምን ሥልጣን ነው የሚል ነው። ቤተሰቦችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። የቀብርና የሆስፒታል ዕዳ የተቆለለባቸው ካሳውን ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ ተኳሹ ሳይታወቅ ገንዘቡ ቢከፈል መዝገቡ በዚያው ይዘጋል ብለው ይሠጋሉ።

በኬንያ ሕግ የነፍስ ግድያ ክስ የሟች ቤተሰብ ሳይሆን የመንግሥት ነው። ካሳ የተቀበለ አባት ወይም እናት ይህን ክስ ሊያቋርጥ አይችልም፤ የሚያቋርጠውም የሚቀጥለውም ዐቃቤ ሕጉ በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። ጊዜ ያለፈበት ተብሎ የሚሰረዝም አይደለም። የሬክስ ማሳይን ጭን የመታው ጥይት ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ የተጻፈበት ገጽ ካለ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።